የትኛዋ ጽዮን?



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ስም ነው። ሦስት ፊደል ብቻ ነው፤ ጽዮን። በዚህ አዳራሽ ይህን ስም ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ስሟ ጽዮን የሆነ እህት ከመካከላችን ብትኖርም አይገርመኝም። ነገር ግን «ጽዮን የት ናት?» ብዬ ብጠይቅ አንድ ዓይነት መልስ አላገኝም። አንዱ አክሱም ይለኛል፤ ሌላው ኢየሩሳሌም ይላል። መንፈሳዊው ሰው በሰማይ ናት ይለኛል። ሬጌ ሲሰማ ያደገ ወጣት «እዚሁ የቆምንባት አፈር ናት» ሊለኝ ይችላል። ደቡብ አፍሪካ የሠራ ሰው ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ዩኒፎርም ለብሰው፣ ደረታቸው ላይ ኮከብ ሰክተው ወደ ጸሎት የሚሄዱ ምእመናንን ያስታውሳል።

ሁሉም ትክክል ናቸው። እኔም ከመካከላቸው አንዱን መርጬ ሌሎቹ ተሳስተዋል ልላችሁ አልመጣሁም። ላሳያችሁ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ ጽዮን ከመጀመሪያው ጀምሮ የተወረሰ ስም መሆኑን። በተጓዘበት ሁሉ ከእርሱ በፊት የነበረ ሰውና ከእርሱ በፊት የነበረ ስም አግኝቷል። አንዳንድ ቦታ በቀድሞው ስም ላይ ተደርቦ አብሮ ኖረ፤ አንዳንድ ቦታ የቀድሞውን ተካና አስረሳ። በእነዚህ በሁለቱ፣ በመደረብና በመተካት መካከል ያለው ልዩነት የዚህ ስም ታሪክ ዋና ቁም ነገር ነው እላለሁ።

ታሪኩ በአብዛኛው ከአገራችን ውጭ የተፈጸመ በመሆኑ ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የኢያቡሳውያን አምባ

ታሪኩ የሚጀምረው ከመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ አምስት ነው። ዳዊት በኬብሮን ሰባት ዓመት ከስድስት ወር ከነገሠ በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም ዘመተ። ከተማዋ የኢያቡሳውያን ነበረች። አምባቸው የማይደፈር መስሎ ስለ ታያቸው ዕውርና አንካሳ ይበቃሃል ብለው አላገጡበት። ዳዊት ግን አምባውን ያዘው። ጽዮን የተባለውም ይኸው አምባ ነው። ንጉሡ ከገባበት በኋላ የዳዊት ከተማ ብሎ ጠራው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ድል ያደረገው ንጉሥ ለቦታው የራሱን ስም ሰጥቶታል። ዓለም ሁሉ እስከ ዛሬ የሚዘምረው ግን ንጉሡ በሰጠው ስም አይደለም፤ ከድሉ በፊት አምባው ይጠራበት በነበረው ስም ነው። የቃሉ ጥንተ ፍቺ የሥነ ልሳን ሊቃውንትን እስካሁን ያከራክራል። የእኛ ሊቃውንት አምባ፣ መጠጊያ ብለው ይፈቱታል፤ ከታሪኩም ጋር ይስማማል።

ያ አምባ የነበረበት ቦታ ዛሬ በቅጥር ከታጠረችው አሮጌ ከተማ በስተደቡብ ወጣ ብሎ የሚገኝ ጠባብ ጉብታ ነው። ዙሪያውን በሚበልጡት ኮረብቶች ስለ ተከበበ ላየው ሰው ዝቅ ያለ ይመስለዋል። የጥንት ሰዎች የመረጡት ለከፍታው ሳይሆን ለውኃው ነው፤ ከሥሩ ግዮን የሚባል ምንጭ ይፈልቃል። እንግሊዛዊቷ የአርኪዮሎጂ ሊቅ ካትሊን ኬንየን በ1960ዎቹ በቁፋሮ ከምንጩ በላይ ባለው ቁልቁለት ላይ ከዳዊት ዘመን ብዙ መቶ ዓመት የሚቀድም የከተማ ግንብ አግኝታለች።

ቀጥሎ ስሙ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ዳዊት ከአምባው በስተሰሜን ያለውን የኢያቡሳዊውን የኦርናን አውድማ በሃምሳ ሰቅል ብር ገዛ። ኦርና በነጻ ልስጥህ ቢለው ዳዊት ያለ ዋጋ አልወስድም አለ። ልጁ ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን የሠራው በዚያ አውድማ ላይ እንደ ሆነ መጽሐፈ ዜና መዋዕል ይናገራል። ታቦቱ ከዳዊት ከተማ ወጥቶ ወደ አዲሱ ቤተ መቅደስ ሲገባ ጽዮን የሚለው ስምም ተከትሎት ወጣ። በመዝሙራትና በነቢያት ጽዮን የተቀደሰ ተራራ ናት፤ ቆየት ብሎ ኢየሩሳሌም በሙሉ ጽዮን ተባለች፤ ከዚያም ነዋሪዎቿ፣ በመጨረሻም ሕዝቡ ሁሉ።

በ586 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ባቢሎናውያን ከተማዋን አፍርሰው ሕዝቡን ማርከው ሲወስዱ ስሙ ሌላ ትርጉም ጨመረ። በእኛ አቆጣጠር 136ኛው መዝሙር በባቢሎን ወንዞች አጠገብ ተቀምጠው ጽዮንን እያሰቡ ስለሚያለቅሱ ምርኮኞች ይናገራል። ከዚያ ወዲህ ጽዮን የሚኖሩባት ብቻ ሳትሆን የሚናፍቋትም አገር ሆነች። በናፍቆት የሚጠራ ስም ደግሞ መንገደኛ በሄደበት ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

ስሙ ኮረብታ ሲቀይር

በኢየሩሳሌም ዛሬ ደብረ ጽዮን ወዴት ነው ብላችሁ ብትጠይቁ የሚያሳዩዋችሁ የዳዊትን አምባ አይደለም፤ ቤተ መቅደሱ የነበረበትንም ተራራ አይደለም። ሦስተኛ ቦታ ነው፤ በስተምዕራብ ያለው ከፍ ያለ ኮረብታ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በመጀመሪያው መቶ ዘመን የኖረው አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፉስ የዳዊት አምባ የነበረው በላይኛው ከተማ በምዕራቡ ኮረብታ ላይ እንደ ሆነ ጻፈ። ታላቅ ንጉሥ በዝቅተኛው ጉብታ ላይ ይቀመጣል ብሎ ማን ያስባል? ከአራተኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ክርስቲያኖችም ይህንኑ ኮረብታ ጽዮን ብለው ጠሩት። በዚያው መቶ ዘመን መጨረሻ ቅድስት ጽዮን የተባለ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ተሠራበት፤ ጌታ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር የመጨረሻውን እራት የበላበትና መንፈስ ቅዱስ የወረደበት ቤት መታሰቢያ ሆነ። በመካከለኛው ዘመን የዳዊት መቃብርም በዚያው ነው ተባለ። መቃብሩን አይሁድም፣ ክርስቲያኖችም፣ ሙስሊሞችም ያከብሩታል። በኦቶማን ዘመን ቦታው ነቢዩ ዳዊት ተብሎ መስጊድ ሆኖም ነበር።

ሱልጣን ሱለይማን ዛሬ የምናየውን የከተማ ቅጥር ከ1537 እስከ 1541 ሲያሠራ ይህ ኮረብታ ከቅጥሩ ውጭ ቀረ። ወደ እርሱ የሚያወጣው በር ግን የጽዮን በር ይባላል። ከ19ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የተደረጉ ቁፋሮዎች የጥንቷ ከተማ በምሥራቁ ጉብታ ላይ እንደ ነበረች ሲያረጋግጡ ሊቃውንቱ ጽዮንን ወደ ቀድሞ ቦታዋ መለሷት። ስሙ ግን ከምዕራቡ ኮረብታ አልወረደም። አሥራ ስድስት መቶ ዓመት የተጸለየበትን ቦታ ቁፋሮ ስሙን አያስጥለውም።

በዚህ «ስህተት» በተባለው ኮረብታ ላይ እውነተኛ ታሪክ መፈጸሙን አላቆመም። ከ1948 እስከ 1967 አሮጌዋ ከተማ በዮርዳኖስ እጅ ስትሆን ይህ ኮረብታ በእስራኤል እጅ ነበር። ወደ ምዕራቡ ግንብ መሄድ የተከለከሉ አይሁድ እዚህ ወጥተው የቤተ መቅደሱን ተራራ ከሩቅ ያዩ ነበር። ስለዚህ የምዕራቧ ጽዮን የምሥራቋን ጽዮን ማያ ሆና አገለገለች።

አክሱም፦ ስም ታቦት ሲሆን

እስካሁን ስሙ የተንቀሳቀሰው በአንዲት ከተማ ውስጥ ነበር። ከኢየሩሳሌም ወጥቶ ባሕር የተሻገረበት ትልቁ ጉዞ ወደ እኛ የመጣው ነው።

በክብረ ነገሥት ጽዮን ቦታ አይደለችም፤ ታቦቷ ራሷ ናት። የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን ልጅ ምኒልክ ከእስራኤል የበኩር ልጆች ጋር ሲመለስ ታቦተ ጽዮን አብራ ትመጣለች። የመጽሐፉ ጥንቃቄ የሚገርም ነው፤ ታቦቷ የመጣችው ሰው ስለ ሰረቃት ብቻ አይደለም፤ ፈቅዳ ነው፤ እግዚአብሔር ስለ ወደደ ነው። ጽዮን በዚህ መጽሐፍ እመቤታችን ተብላ ትጠራለች፤ ትከብራለች፤ መንገዷን ትመርጣለች። የቦታ ስም ሰውነት አግኝቶ፣ የሴት ወግ ይዞ፣ መንገደኛ ሆኖ ተነሣ ማለት ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ደግሞ ታቦቷ የድንግል ማርያም ምሳሌ ናት። ጽላቱን የያዘችው ታቦት ቃልን ለተሸከመችው እናት ምሳሌ ሆነችና ጽዮን የእመቤታችን ስም ሆነ። ኅዳር 21 በአክሱም የሚከበረው የጽዮን ማርያም በዓል ሁለቱን አንድ ላይ ይዟል። ወለተ ጽዮን፣ ገብረ ጽዮን፣ ኃይለ ጽዮን ብለን ስንሰይም ልጃችንን ለአንድ የኢየሩሳሌም ኮረብታ ሰጠን ማለታችን አይደለም፤ ለእናት አደራ ሰጠን ማለታችን ነው።

ስሙ በመንግሥት ሥራም ገብቷል። የክብረ ነገሥት መጨረሻ ጽሑፍ መጽሐፉን ከሌሎች ጋር ያዘጋጀውን ሰው ይስሐቅ ይለዋል፤ የአክሱም ንቡረ እድ እንደ ነበረ ይታወቃል። ዘመኑ ከ1314 እስከ 1344 የነገሡት የአፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን ነው። የንጉሡ ስም የጽዮን ምሰሶ ማለት መሆኑን ስናስብ መጽሐፉና ዙፋኑ ተደጋግፈው እንደ ቆሙ እናያለን። ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በጥር 1872 በአክሱም የተቀቡት አፄ ዮሐንስ 4ኛ በማዕረጋቸው ላይ «ንጉሠ ጽዮን» ብለው አስጻፉ። በዚያው ዓመት ወደ እንግሊዝ ደብዳቤ ልከው፣ ከመቅደላ ተዘርፎ የሄደው ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ጠየቁ። የብሪታንያ ሙዚየም መጽሐፉን መለሰ።  እኒሁ ንጉሠ ጽዮን በኢየሩሳሌም የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትን ሥራ አስጀመሩ፤ በአፄ ምኒልክ ዘመን ተፈጸመ። በአክሱም ጽዮን የነገሠ ንጉሥ በሌላዋ ጽዮን ቤተ ክርስቲያን ማሠራቱ አልተጋጨበትም። ሁለቱ አልተጣሉም።

አሁን ከመጀመሪያ ወዳነሣሁት ልዩነት ልመለስ። አክሱም ጽዮን ከመምጣቷ በፊት አክሱም ነበረች፤ ሐውልት የሚያቆሙ፣ ገንዘብ የሚመቱ ነገሥታት መቀመጫ። ጽዮን ስትመጣ የቀድሞው ስም አልተሻረም። እስከ ዛሬ ሁለቱን አንድ ላይ «አክሱም ጽዮን» እንላለን። በ16ኛው መቶ ዘመን ጦርነት ቤተ ክርስቲያኗ ፈርሳ አፄ ፋሲለደስ መልሰው ሠሯት፤ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሴቶችም የሚገቡበት አዲሱ ሰፊ ቤተ ክርስቲያን ተጨመረ። እዚያ ቅጥር ግቢ ሲገቡ አሮጌው ከአዲሱ፣ ሐውልቱ ከመቅደሱ አጠገብ ለአጠገብ ይታያል። ይህ መደረብ ነው።

ከናፍቆት ወደ ፕሮግራም

በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በምሥራቅ አውሮፓ ጭቆና የበዛባቸው አይሁድ «የጽዮን ወዳጆች» የተባሉ ማኅበራት አቋቋሙ። በ1882 በዛሬዋ ቴል አቪቭ አቅራቢያ ከተቆረቆሩት መንደሮች አንዱ ሪሾን ለጽዮን ተባለ፤ ለጽዮን የመጀመሪያው ማለት ነው። በ1890 ናታን ቢርንባውም የተባለ የቪየና ጸሐፊ ጽዮናዊነት የሚለውን ቃል በጽሑፍ አወጣው። በ1897 ቴዎዶር ሄርዝል የመጀመሪያውን የጽዮናውያን ጉባኤ በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ሰበሰበ። ሁለት ሺህ ዓመት ጸሎት የነበረ ስም የፖለቲካ ፕሮግራም ሆነ።

የዚህ ስም ጉልበት የተፈተነበት ቀን ግን ሌላ ነው። በ1903 የእንግሊዝ መንግሥት ለአይሁድ መስፈሪያ የሚሆን መሬት በምሥራቅ አፍሪካ፣ በዛሬዋ ኬንያ ደጋ ላይ፣ ሊሰጥ ሐሳብ አቀረበ። በታሪክ የሚታወቀው ግን የኡጋንዳ ዕቅድ በሚል ስም ነው። በዚያው ዓመት በሩሲያ ግዛት በኪሺኔቭ አይሁድ ተጨፍጭፈው ስለ ነበር ሄርዝል ሐሳቡ ቢያንስ ይጠና አለ። በስድስተኛው ጉባኤ 295 ደግፈው 178 ተቃወሙ። ከተቃዋሚዎቹ ብዙዎቹ ከሩሲያ የመጡ፣ አደጋው በራሳቸው ቤት የነበረ ሰዎች ናቸው፤ አዳራሹን ጥለው ወጡ። ጽዮን የሌለችበት ጽዮናዊነት ምን ዓይነት ነው የሚል ነበር ክርክራቸው። በ1905 ጉባኤው ዕቅዱን ውድቅ አደረገው። መሬት የሚያስፈልገው ሕዝብ የቀረበለትን መሬት ስለ አንድ ስም መለሰ።

መሬቱ ሰው ያልነበረበት አልነበረም። ኬንያም ሰው ነበረበት፤ ፍልስጤምም ሰው ነበረበት። በ1948 እስራኤል ስትመሠረት ወደ 700,000 የሚጠጉ ፍልስጤማውያን ከቤታቸው ወጡ፤ ተባረሩም። ለአንዱ ወገን ወደ አባቶች አገር መመለስ የሆነው ቃል ለሌላው ወገን የቤት ማጣት ስም ሆነ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1975 ጽዮናዊነትን ከዘረኝነት ጋር ያመሳሰለ ውሳኔ አሳልፎ በ1991 ራሱ ሽሮታል። ስለ ቃሉ ስትከራከሩ የምትሰሙት ቁጣ ከሁለቱም ወገን የሚነሣው ከዚህ ነው።

አትላንቲክን የተሻገረችው

በአሜሪካ ደግሞ ስሙ ሌላ ዕድል ገጠመው። በኒው ዮርክ የነጮች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሚደርስባቸው መድልዎ የተማረሩ ጥቁር ሜቶዲስቶች በ1796 የራሳቸውን ጉባኤ ጀመሩ፤ የጸሎት ቤታቸውንም ጽዮን አሉት። የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ጽዮን ቤተ ክርስቲያን የምትባለው እርስዋ ናት። ባርያዎችን በድብቅ ወደ ነጻነት ታሻግር የነበረችው ሃሪየት ተብማንና ጸሐፊው ፍሬድሪክ ዳግላስ የዚህች ቤተ ክርስቲያን ልጆች ነበሩ። ለእነርሱ ጽዮን ማንም በጓሮ በር የማያስገባቸው ቤት ነበረች።

ሞርሞኖች በበኩላቸው በ1830ዎቹ ሚዙሪን፣ ኋላም ዩታን ጽዮን ብለው ሰፈሩበት። በዩታ ደቡብ ቀይ ገደል ያለበት ሸለቆ አለ። የአካባቢው ነባር ሕዝብ ፓዩቶች የሚጠሩት ሙኩንቱዊፕ ብለው ነበር፤ በ1909 በመንግሥት ጥበቃ ሥር ሲገባም በዚሁ ስም ተመዘገበ። በ1918 ግን ስሙ ተለውጦ ሰፋሪዎቹ በሚጠሩት ጽዮን ተባለ፤ በ1919 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ዛሬ በየዓመቱ ከሚጎበኙት ሚሊዮኖች ስንቱ ሙኩንቱዊፕን ይጠራል? መተካት ማለት ይህ ነው። አክሱም አክሱም ሆና ቀርታለች፤ ሙኩንቱዊፕ ግን ከካርታው ወርዷል።

ከአሜሪካዎቹ ጽዮኖች ወደ አፍሪካ የተመለሰችም አለች። ጆን አሌክሳንደር ዳዊ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተወላጅ ሰባኪ በ1901 በኢሊኖይ ጽዮን የምትባል ከተማ ቆረቆረ። በከተማዋ መጠጥ፣ ትምባሆ፣ የአሳማ ሥጋና ሐኪም ተከልክለው ነበር፤ ፈውስ በጸሎት ብቻ ነው ይል ነበር። የሚያሳትመው መጽሔት ደቡብ አፍሪካ ደረሰ፤ በ1904 ከእርሱ የተላከ ሰባኪ እዚያ ሄዶ አጠመቀ። ከዚያ ዘር የበቀሉት አብያተ ክርስቲያናት በደቡባዊ አፍሪካ ጽዮናውያን ይባላሉ። ትልቋ በኤንጌናስ ሌክጋንያኔ የተመሠረተችው የጽዮን ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ናት። ማዕከሏ ሞሪያ ይባላል፤ በፋሲካ እጅግ ብዙ ሕዝብ ይሰበሰብባታል። በጆሃንስበርግ መንገድ ላይ አንድ ሠራተኛ «እኔ ጽዮናዊ ነኝ» ቢል የሚነግረን ስለ ሃይማኖቱ ነው፤ ስለ መካከለኛው ምሥራቅ አቋሙ አይደለም። ይህን የማያውቅ ጋዜጠኛ ቃሉን በራሱ አገር ፍቺ ቢጽፈው ሰውየውን ያልሆነውን ያደርገዋል።

ሁለት ሕዝብ፣ አንድ አገር

ወደ አገራችን ልመለስ። በ20ኛው መቶ ዘመን በኢትዮጵያ አንድ እንግዳ ነገር ተፈጸመ። አንድ ሕዝብ ወደ ጽዮን ለመሄድ ከዚህ አገር ሲወጣ፣ ሌላ ሕዝብ ወደ ጽዮን ለመድረስ ወደዚህ አገር ገባ።

የወጡት ቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁድ ናቸው። በጎንደር ዙሪያ በየዓመቱ ሲግድ የሚባለው በዓላቸው ሲደርስ ቄሶቹ ኦሪቱን ተሸክመው፣ ሕዝቡ ነጭ ለብሶና ጾሞ ተራራ ይወጡ ነበር፤ ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም መልሰው በግእዝ ይጸልዩ ነበር። ከሰዓት በኋላ ወርደው ይበሉ፣ ይዘፍኑ ነበር። በ1862 አባ መሐሪ የተባሉ መነኩሴ ብዙ ሰው አስከትለው በእግር ወደ ተስፋይቱ ምድር ተነሥተው ነበር፤ ትግራይ ላይ ረኃብና በሽታ መንገዱን ቆረጠው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 በሱዳን በኩል በተደረገው ዘመቻ ሙሴ ሺዎች ወጡ። ወደ ሱዳን በሚወስደው መንገድና በመጠለያዎቹ 4,000 ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ይነገራል። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ተጓጓዙ። ሲግድ ከ2008 ጀምሮ በእስራኤል በሕግ የታወቀ በዓል ነው። አሁን የሚከበረው የቤተ መቅደሱ ተራራ ከሚታይበት ከፍታ ላይ ነው። ጸሎቱ አልቀረም። ቄሶቹ የሚጸልዩላት ጽዮን የአውሮፕላን ጉዞ የሚያደርስባት ብቻ ብትሆን ኖሮ በዓሉ በ1991 ባበቃ ነበር። ልጆቻቸው ለእኩልነት በቴል አቪቭ አደባባይ ሰልፍ ሲወጡ ደግሞ ወደ ጽዮን መድረስና በጽዮን መኖር ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደ ሆኑ አሳዩን።

የገቡት ራስታፈሪያን ናቸው። አፄ ኃይለ ሥላሴ በኖቬምበር 2 ቀን 1930 ዘውድ ሲጭኑ በጃማይካ ያሉ የባርያ ልጅ ልጆች ዜናውን እንደ ትንቢት ፍጻሜ ተቀበሉት። ያንኑ የምርኮኞች መዝሙር በራሳቸው ሕይወት አነበቡት፤ ያስቸገራቸው የነጮች ሥርዓት ባቢሎን፣ የተነጠቁት የአፍሪካ ምድር ጽዮን ሆነ። የጽዮንም ልብ ኢትዮጵያ ናት። መዝሙሩ በ1970 በጃማይካ የሬጌ ዘፈን ሆኖ ወጣ፤ ከዚያም በአውሮፓ ዳንኪራ ቤቶች ሳይቀር ተሰማ። ንጉሠ ነገሥቱ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ኢትዮጵያን ለደገፉ የዓለም ጥቁሮች በ1948 ሻሸመኔ አጠገብ አምስት ጋሻ መሬት ሰጥተው ነበር። በሚያዝያ 1966 ራሳቸው ኪንግስተን ሲወርዱ የተቀበላቸው ሕዝብ አየር ማረፊያውን አጥለቀለቀው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሻሸመኔ የሚመጡት በረከቱ። በ1975 ደርግ መሬት ሲወርስ የእነርሱም ተወሰደ፤ የቀረላቸው ጥቂት ነው። ለብዙ ዓመት ያለ ሕጋዊ ወረቀት ኖረው በ2017 መንግሥት መታወቂያ ሊሰጣቸው ወሰነ።

የሻሸመኔ ሰው ግን ሰፈሩን ምን ይለዋል? ጃማይካ ነው የሚለው። ከጃማይካ ተነሥተው ጽዮን የደረሱ ሰዎች የሚኖሩበትን ሰፈር ጎረቤቶቻቸው በተውት አገር ስም ይጠሩታል። ይህ ቀልድ አይደለም፤ የስም ሕግ ነው። ስደተኛው በሚሄድበት ይጠራል፤ ነባሩ ሰው ስደተኛውን በመጣበት ይጠራዋል። የኦሮሞው ገበሬ፣ የወላይታውና የጉራጌው ነጋዴ በዚያው ምድር ላይ የየራሳቸው ታሪክ አላቸው፤ ለእነርሱ ምድሪቱ ሻሸመኔ ናት። ሁለቱም ስሞች አብረው መኖራቸው እንደ አክሱም የመደረብ ምልክት ነው።

ሦስት ጥያቄዎች

እንግዲህ ይህን ሁሉ ከሰማን በኋላ ምን እናድርግበት? ጽዮን የሚለውን ስም በመዝሙር፣ በዜና፣ በዘፈን ወይም በክርክር ስንሰማ ሦስት ጥያቄ እንድትጠይቁ እመክራለሁ።

አንደኛው፦ የሚጠራው ማን ነው? የአክሱም ካህን፣ የባዝል ተወካይ፣ የኪንግስተን ዘፋኝና የደቡብ አፍሪካ ምእመን አንድ ቃል ቢጠሩም አንድ ነገር አልጠሩም። የአንዱን ፍቺ በሌላው አፍ ማስገባት ሐሰት መናገር ነው፤ ባለማወቅ ቢሆንም።

ሁለተኛው፦ የሚጠራው ከየት ሆኖ ነው? በቦታው ላይ ቆሞ የሚጠራ ሰው ርስቱን ይናገራል። ከሩቅ ሆኖ የሚጠራ ሰው ማጣቱን ይናገራል። በዚህ ንግግር ካነሣኋቸው ብዙዎቹ ከሩቅ የጠሩ ናቸው፤ በባቢሎን፣ በጎንደር ተራራ፣ በኪሺኔቭ፣ በጃማይካ የሸንኮራ እርሻ። የስሙ ጉልበት የሚመጣው ከዚህ ማጣት ነው። ባዶ እጁን ለሆነ ሕዝብ ስሙ አገር ሆኖለታል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጥ ይከብዳል፦ ስሙ ሲደርስ እዚያ ማን ነበረ? ሰዎች ይህን ጥያቄ አይወዱትም፤ ምክንያቱም ናፍቆት ባዶ ምድር ይፈልጋል። ግን ስሙ በደረሰበት ሁሉ ሰው ነበረ፤ ኢያቡሳዊው፣ ፓዩቱ፣ ፍልስጤማዊው፣ የሻሸመኔው ገበሬ። ናፍቆቱ እውነተኛ መሆኑ ይህን ጥያቄ አያስቀረውም። በመደረብና በመተካት መካከል የሚወስነው የመጣው ሰው ጠባይ ነው። ዳዊት አምባውን በጦር ወሰደ፤ አውድማውን ግን በዋጋ ገዛ። ሁለቱም በአንድ ሰው ታሪክ ውስጥ ተጽፈዋል። ቤተ መቅደሱ የቆመው በጦር በተወሰደው ላይ ሳይሆን በተገዛው ላይ መሆኑን መጽሐፉ በግልጽ ይነግረናል።

እኛ ይህን ስም ለልጆቻችን፣ ለአድባራታችንና ለነገሥታታችን የሰጠን ሕዝብ ነን። ሌሎች ደግሞ አገራችንን በሙሉ በዚህ ስም ጠርተዋታል። ስለዚህ በሁለቱም በኩል የመቆም ዕድል ገጥሞናል፤ ስሙን የተቀበልን ነን፤ ስሙ የመጣብንም ነን። እንዲህ ያለ ሕዝብ «ጽዮን የእኔ ብቻ ናት» ለማለት የመጨረሻው መሆን ይገባዋል። ጽዮን የማን ናት ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሲያጋጥመን፣ ከመመለሳችን በፊት የየትኛዋን ጽዮን ነገር እንደሚጠይቅ እንጠይቀው፤ ከዚያም ከእርሱ በፊት በቦታው የነበረውን ሰው ስም ያውቅ እንደ ሆነ።